መስታወት ላይ የቀረ ግንባር

ጥቅምት 3

ለምወድሽና ለማከብርሽ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት በጤና ያግኝሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ብርድ ለቀቀሽ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባዬ፣ ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛና ተራ የሚጠብቁት በሙሉ ሰላም በያት ብለውኛል። "በሙሉ" ያልኩት ለወጉ አይደለም። ያለፈውን ደብዳቤሽን እንደ ልማዱ መቀሱን አስቀምጦ ለፀጉር ቤቱ ሁሉ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ግማሽ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ሰውዬ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቁጭ ብሎ አዳምጧል። አልተቆጣም እንኳ። የአባዬ ደንበኞች አንቺን ከእኔ በላይ ያውቁሻል።

እትዬ፣ ዛሬ የምጽፍልሽ ለሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ላዝሽ ነው። የመጨረሻ ዓመት ሥራችን ወጥቷል። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ደርሶናል። ፊልሙን ራሱን አንሠራም፤ ሰው ፊልሙን እንዲያይ የሚጠራውን ነገር ነው የምንሠራው። አንድ ፖስተር፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ትሬለር፣ አንድ የመጽሔት ሽፋን። ከዚያ በፊት ደግሞ ጥናት አለ። ከመቶው አርባው የተያዘው ለጥናቱ ነው፤ ጥናቱ ውድቅ የሆነበት ዓመቱን ይደግማል። እኔ ብደግም አባዬ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ፊልማችን "ቆልፌው ነበር" ይባላል። አንዲት ሴት ክፍል ትከራያለች። ጠዋት ቆልፋ ትወጣለች፣ ከሥራ ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሎ ታገኘዋለች። የተሰረቀ ነገር የለም። ወንበሯ ብቻ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ታሪኩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ካሜራ የሚይዘው ከእኔ ጋር የተመደበው ልጅ ነው። ጭራሮ እንለዋለን፣ ብታዪው ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አንቺ ዘጠኝ ዓመት ሲኒማ ቤት በሥራ አስኪያጅነት ሠርተሻል። ይህን ክፍል ውስጥ ደረቴን ነፍቼ ተናገርኩ፤ መምህሩ ራሱ ቀና ብሎ አየኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ ሰው የትኛው ፖስተር ፊት ነው የሚቆመው? ምኑን ነው የሚያየው? በስልክ አትንገሪኝ። መረጃው በጽሑፍ ይሁን ተብለናል፣ ስልኩን ደግሞ አባዬ መቼ ይለቅልኛል።

የወንድምሽ ልጅ ሚጡ


ጥቅምት 22

ለተከበርከው ወንድምዓለም፣ ለውዷ ሚጡ፣ እንዲሁም ተራ ለምትጠብቁ በሙሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁልኝ። ቤታችሁን ሰላም አያሳጣው፣ እጅህን ወንድሜ አያዝለው። እኔ ጉልበቴ ትንሽ ከማጉረምረሙ በቀር ደህና ነኝ። ወንበሩ ላይ ያለኸው ሰውዬ፣ አንገትህን አታወዛውዝ፤ ወንድሜ ሲያነብ እጁ ሥራውን ይረሳል።

ሚጡዬ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኘኝ። የዚህ ቤት መግቢያ አዳራሽ ውስጥ አራት የመስታወት ሣጥኖች አሉ፤ ፖስተሮቹ የሚሰቀሉት እዚያ ውስጥ ነው። እና አንድ ምክር ልስጥሽ። ሰው የሚያየውን በዓይኑ አትለኪ። ዓይኑን ፖስተር ላይ ተክሎ ስለ ራት የሚያስብ ሞልቷል። እጁን ነው ማየት። ሰው የሳበውን ነገር ሳያውቀው ይነካዋል። ጠዋት በስተጎን ያለው መስኮት ብርሃን ሲያስገባ፣ ትናንት ማን ምን እንደነካ መስታወቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የቀልድ ፊልም ከሆነ ታች፣ ልጆች በሚደርሱበት፣ ቅባት በቅባት ነው። የፍቅር ከሆነ ቀኑ የተጻፈበት ላይ ጣት ተጎትቶ ያለፈበት መስመር ታገኛለሽ፤ ሁለት ሆነው ቅዳሜ ይሻላል፣ የለም እሑድ ሲባባሉ። ልብ አንጠልጣይ ከሆነ ደግሞ ግንባር።

ግንባር ስልሽ የምሬን ነው። ባለፈው ዓመት የግንብ አጥር የታየበት ፖስተር ነበረ፤ አጥሩ ላይ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው ወዲያ ጨለማ። ሰው ይጠጋል፣ በሁለት እጁ ብርሃኑን ይከልላል፣ ከዚያ ግንባሩን ይለጥፋል። የግንባር ወዝ ደግሞ ከጣት ይብሳል፣ በአንድ ጊዜ አይለቅም። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ እንደገና በደረቅ።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ እዚህ የምትሠራው የጽዳት ሠራተኛ ናት። ዓይኗ የማያመልጠው ነገር የለም። የፈለግሽውን ጠይቂኝ፣ እኔ እሷን እጠይቅልሻለሁ።

ሰላም ዋሉልኝ።
እህትህ፣ አክስትሽ


ኅዳር 6

ለማከብርሽ እትዬ፣

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ፤ ክፉ አይይሽ። ደብዳቤሽ ከደረሰ ወዲህ አባዬ ሱቅ ሥራ የለም ብል ይቀለኛል። ታክሲ ነጂው፣ ያ ሁልጊዜ የሚሟገተው፣ "እኔ እንኳ ግንባሬን ለጥፌ አላውቅም" ብሎ ሲምል፣ አባዬ "ወዝህን ያጸዳች ትመስክር" አለው። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ክፍል ውስጥ ግን የሳቀ የለም። መምህሩ ልብ አንጠልጣይ ፖስተር ማለት የፈራች ሴት ፊት፣ ጥቁር ጀርባ፣ ቀይ ፊደል ነው ብሎ ያምናል። አርባ ፖስተሮች ሰብስቤ አንድ በአንድ መዘገብኩ። ሠላሳ አንዱ ላይ የፈራች ሴት አለች። ከሠላሳ አንዷ ሃያ ሁለቷ አፏን ከፍታለች። ወንድ የፈራበት ሁለት ብቻ ነው፣ እነሱም ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ይህን ሳሳየው "በይ ተመልከች፣ ደንቡ ይኸው" አለኝ። እኔ ያሳየሁት ሰልችቶኝ ነበር፤ እሱ ማስረጃ አደረገው።

መጠይቅም በትኛለሁ። ስልሳ ተማሪ ሞላልኝ፣ አርባ አራቱ ፊት ያለበት ይስበኛል ብሏል። ጭራሮ አለቀ፣ ፊት እናንሳ ብሎ ካሜራውን አዘጋጀ። እኔ ግን እንቢ አልኩ። ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰውና እጁ የሚሄድበት አንድ ላይሆን ይችላል፤ ይህን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። የእኔ ሴትዮ ደግሞ አትጮህም። ወንበሯን መልሳ ታዞራለች፣ በሩ ፊት ለፊት ቁጭ ትላለች፣ የሚገባውን ትጠብቃለች። እንዲህ ያለችን ሴት አፍ አስከፍቼ ግድግዳ ላይ አልለጥፋትም።

ስለዚህ ቁጥር እፈልጋለሁ፣ እትዬ። ሁለት ልብ አንጠልጣይ ጎን ለጎን ቢሰቀሉ፣ አንዱ ፊት ያለበት አንዱ የሌለበት፣ የቱ ላይ ስንት እጅ? የጽዳት ሠራተኛዋ ትቆጥርልኝ ይሆን? መልሱን በትምህርት ቤቴ አድራሻ ላኪው። ወደ ሱቅ ከመጣ ታክሲ ነጂው ቁጥሩንም ይሟገተዋል።

ሚጡ


ኅዳር 29

ለውዷ ሚጡ፣

ፈጣሪ ጥበቡን ያብዛልሽ፣ ካሰብሽው ያድርስሽ። መልሴ ዘገየ፤ አትቀየሚኝ። እዚህ ትንሽ ግርግር ነበረ።

ቆጠራው ይኸውልሽ። ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሁለቱ ሣጥኖች ምንም ጨርቅ ሳያርፍባቸው ቆዩ። በአንደኛው የምትጮህ ሴት አለች፣ መምህርሽ የሚወዳት ዓይነት። በሁለተኛው ደረጃ ነው፤ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል፣ መጨረሻው አይታይም። ጎን ለጎን ናቸው፣ የገባ ሁሉ ሁለቱንም ያልፋቸዋል።

ሴትየዋ ላይ በሦስት ቀን ዘጠኝ ጣት። ከዘጠኙ አምስቱ የአንድ ሕፃን ነው፣ ጥርሷን ይቆጥር ነበር። ደረጃው ላይ ሰማንያ ሦስት ጣትና አሥራ ሰባት ግንባር። ግንባሮቹ ሁሉ ታች ናቸው፣ ደረጃው በሚጠፋበት ቦታ፤ ጎንበስ ብለው ነው የተጠጉት። አንድ ካፖርት የለበሰ ትልቅ ሰውማ ተንበርክኮ አይቶ ሲነሳ ዙሪያውን ቃኘ፣ ማንም እንዳላየው።

የምትጮኸዋን ሴት ሰው ያያትና ገባኝ ብሎ ያልፋል። ፍርሃቱን እሷው ጨርሳዋለች፣ ለተመልካቹ የተረፈ የለም። ደረጃው ግን ሁሉንም ለሰውዬው ትቶለታል።

ግርግሩ እንዲህ ነው። ዓርብ ከሰዓት አለቃው መጣና መስታወቱን አየ። የጽዳት ሠራተኛዋ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈባት። ለጥናት ነው ብላ አስረዳችው። ሳቀ። ደብዳቤው ሳይሆን ሳቁ ነው ያንገበገባት። እንድትፈርም ወረቀቱን ቢገፋላት፣ "ሦስት ቀን ያላጸዳሁት ቸልተኛ ሆኜ አይደለም፤ ቸልተኛ የሚል ነገር ላይ አልፈርምም" አለችው። እስካሁን አልፈረመችም። ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ አቧራ እየጠጣ ነው።

አይዞሽ፣ አታስቢ። በርቺ ብቻ።
አክስትሽ


ታኅሣሥ 11

ለምወድሽ እትዬ፣

በያለሽበት ሰላምሽ ይብዛ። ቁጥሮቹን ሳነብ ጮቤ ረገጥኩ። ጭራሮ እንኳ ካሜራውን አስቀምጦ "ሰማንያ ሦስት?" አለ። ፊቱን ተውነው፤ አሁን በር ነው የምንሠራው። ገርበብ ያለ በር፣ ቁልፉ በውጭ በኩል እንደተሰካ። ርዕሱ ደግሞ በደቃቅ ፊደል፣ ለማንበብ መጠጋት ግድ እንዲል። ትሬለሩ ላይ ማንም ሰው አይጮህም፤ ቁልፍ ሲዞር ይሰማል፣ ወንበር ሲጎተት ይሰማል፣ አለቀ። የመጽሔት ሽፋን ያለ ፊት አይሆንም ስለተባልኩ፣ ሴትየዋን አስቀምጣታለሁ፤ ግን ተቆጥታ ነው የምታየን።

መጥፎው ወሬ ይኸውልሽ። መምህሩ ጥናቱን አገላበጠና "ይህን ማን ቆጠረው?" አለኝ። አክስቴ የምትሠራበት ያለች የጽዳት ሠራተኛ አልኩት። "ከሥራ አስኪያጇ ከሆነ ምንጭ ነው፤ ከጽዳቷ ከሆነ ወሬ ነው" አለኝ፣ በክፍሉ ፊት። ከዚያ የቆጠረው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሥራው ምን እንደሆነ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት አምጪ አለኝ። ሥራ አስኪያጇ ፈርማ ማህተም ካደረገችበት ይቀበለዋል። ካላመጣሁ ጥናቱ ውድቅ ነው፤ አርባዋ ሄደች፣ ዓመቱም ሄደ። ቀነ ገደቡ ጥር 30 ነው።

እንግዲህ ለሌላው ሰው ቀላል ነው፤ አክስቴ ትፈርማለች፣ ማህተም ትመታለች፣ ተገላገልን። ግን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ዝም እላለሁ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። ሥራ አስኪያጇ አንቺ ከሆንሽ፣ ማስጠንቀቂያውን ማን ጻፈባት?

ለማንም አልተናገርኩም። ለአባዬም። ከከበደሽ ቁጥሩን አውጥቼ መጠይቁን ብቻ አስገባለሁ፤ የምትጮህ ሴት አነሳለሁ፣ አልፋለሁ። አንቺ ብቻ አትዘኚብኝ።

ሚጡ


ጥር 5

እትዬ፣

እንዴት ነሽ? ሃያ አራት ቀን ሆነ። ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር ሰውየው ገና ከሩቅ እጁን ያወዛውዝልኛል። አባዬ ደግሞ ምነው ዝም አለች እያለ ሆድ ሆዱን ይበላዋል፤ ደንበኞቹም ይጠይቁታል። መጠየቄ ካስቀየመሽ ይቅር በይኝ። ፊርማውን ተዪው፣ ጥያቄውንም ተዪው። ደህና ነኝ በይኝ።

ጭራሮ ለማንኛውም ብሎ የምትጮህ ሴት አንስቷል። በደንብ ነው የምትጮኸው፣ ጉሮሮዋ ይታያል። ሳያት ያንገሸግሸኛል።

ሚጡ


ጥር 14

ለወንድምዓለም፣ ለሚጡ፣ ለፀጉር ቤቱ ሰዎች በሙሉ፣

ጤናና ሰላም ከእናንተ አይለይ። ዝም ስላልኩ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ታምሜ አይደለም፣ ሳስብ ነው።

ወንድምዓለም፣ ይህ ደብዳቤ ተሳስቶ አይደለም ወደ ሱቅ የመጣው። ወደ ሚጡ ትምህርት ቤት ልልከው እችል ነበር። አውቄ ነው። መቀሱን አስቀምጥና እንደ ሌሎቹ ጮክ ብለህ አንብበው።

እኔ ሥራ አስኪያጅ አይደለሁም። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ከገባሁ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው ነው፤ በዕድሜ ልጄ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ክራባቱ አንድ ቀን ቀጥ ብሎ አያውቅም።

እኔ ያኔ የጻፍኩት "ሲኒማ ቤት ሥራ ገባሁ" ብዬ ነበር። ይህችኑ ብቻ። መልስህ ሲመጣ "ሥራ አስኪያጅ በመሆንሽ ሰፈሩ ሁሉ ኮርቷል" ይላል። ከየት አመጣው ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። በሚቀጥለው ደብዳቤ አርመዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ስለ አዲሶቹ ወንበሮች ጻፍኩ። ከዚያ ስለ ፊልሞቹ፣ ስለ አዳራሹ መብራት፣ ስለ ተመልካቹ። ባልዲዬን ብቻ ከሁሉም ደብዳቤ ውስጥ አወጣሁት። ሹመቱ ያንተ ነው፣ ዝምታው ግን የእኔ ነው፤ ድርሻዬን አልክድም። አፍሬ ነበር።

አሁን አላፍርም። ለምን ብትለኝ፣ ይህች ልጅ ስለ ፊልሙ ሳይሆን በሥራሽ ላይ ምን ታያለሽ ብላ ጠየቀችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አስቤ ብመልስ ለካ ብዙ አያለሁ። ሥራ አስኪያጁ የማያየውን አያለሁ። እሱ የተሸጠውን ቲኬት ነው የሚያየው፤ እኔ ሳይገዛ የተመለሰውን ሰው ጭምር፣ የት ድረስ ተጠግቶ እንደተመለሰ አያለሁ።

መስታወቱን ሦስት ቀን ያላጸዳሁት እኔ ነኝ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈባት እኔ ነኝ፣ ያልፈረመችውም እኔ ነኝ። የሚጡ ደብዳቤ በደረሰኝ በነጋታው የልጅቱን ጥናት የሚደግፍ ወረቀት ፈርምልኝ ብዬ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። እንደገና ሳቀ። "ለእህትሽ ልጅ?" አለኝ። "ለወንድሜ" አልኩት፣ ወጣሁ።

ሚጡዬ፣ አንቺን ደግሞ አደራ ልበልሽ። መምህርሽ ከጽዳቷ ከሆነ ወሬ ነው ያለውን አንብቤ አንድ ሳምንት አበገነኝ። ሌላ ስም አትፈልጊልኝ። "የሲኒማ ቤቱ ባልደረባ" ብለሽ አታሽሞንሙኚኝ፣ "ለሲኒማው ቅርብ የሆኑ ምንጮች" ብለሽ አትደብቂኝ። የቆጠረችው የጽዳት ሠራተኛ ናት ብለሽ ጻፊ። ፊርማዬ ከታች አለ። ማህተም የለኝም። ዓመቱን ከደገምሽ በእኔ ቁጥር ድገሚ እንጂ በምትጮኸዋ ሴት እንዳታልፊ። ይህን ስልሽ ቀላል ነገር እየጠየቅሁሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ዓመቱ ያንቺ ነው፣ ምርጫውም ያንቺ።

ወንድሜ፣ ካዘንክብኝ እዘን። ግን አንብበው።

እህትህ፣ አክስትሽ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ


የካቲት 13

ለማከብርሽ፣ ለምኮራብሽ እትዬ፣

እጅሽ አይዛል፣ ጉልበትሽ ይጽና። ሁሉንም በየተራ ልንገርሽ፤ ብዙ ስለሆነ ተቀመጪ።

ደብዳቤሽ ጥር 28 ደረሰ። እኔ እዚያው ነበርኩ። አባዬ ደስታው ወሰን አጣ፣ ሱቁን ጸጥ አስኝቶ ማንበብ ጀመረ። "ተሳስቶ አይደለም የመጣው" ሲል ሁሉም ሳቀ። ቀጠለና "እኔ ሥራ አስኪያጅ" ብሎ ቆመ። ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፣ ብቻውን አነበበ። ከዚያ "መነጽሬን ረሳሁ" አለ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር። ታክሲ ነጂው "ቀጥል እንጂ" ቢለው ቶንዶሱን አበራበት። ማታ ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ፣ "ላንቺ ነው" አለኝ፣ ተኛ። ከዚያ ወዲያ ስምሽን አላነሳም። ደህና አደርሽ እንኳ የሚለኝ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር።

እኔ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ደብዳቤሽን እንዳለ ከጥናቱ ጋር አያያዝኩት። ምንጭ በሚለው ቦታ "አክስቴ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ ዘጠኝ ዓመት" ብዬ ጻፍኩ። ጭራሮ "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። የእሱም ዓመት አብሮ ነው የሚሄደው፤ መጠየቁ አይፈረድበትም። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። ትንሽ ቆየና የምትጮኸዋን ሴት ከኮምፒውተሩ አጠፋት። ሳላዘው ነው ያጠፋት።

ያቀረብነው የካቲት 4 ነው። ፖስተሩን ግድግዳ ላይ ሰቀልን። መምህሩ ከሩቅ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ርዕሱን ለማንበብ ተጠጋ፣ መነጽሩን አውልቆ ይበልጥ ተጠጋ። ተመልሶ ሲቀመጥ "ሥራው ጥሩ ነው" አለ። ቀጥሎ ምንጩን አነበበና "ይህን 'የሲኒማ ባለሙያ' ብለሽ አስተካክዪው፣ ማንም አያጣራም፤ ሙሉ ነጥብ እሰጥሻለሁ" አለኝ። አንቺ የፈራሽው ነገር ራሱ።

ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ግን ተነስቼ "ባለሙያዋ እሷው ናት፤ ሙያዋ ደግሞ ጽዳት ነው። አላስተካክልም" አልኩት። "ቁጥሩ ወሬ ከሆነ ሙሉውን ጣሉት፣ እውነት ከሆነ የቆጠረችው ትጻፍ።" መምህሩ ደብዳቤሽን እንደገና አነበበ፣ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። መጨረሻ ላይ ጥናቱን ተቀበለው፣ ማህተም የለውም ብሎ ከአርባው አሥራ አንድ ቀነሰ። አለፍኩ እትዬ። አሥራ አንዷን ይውሰዳት፣ ሲፈልግ ይቀባባት። ከእሱ ጋር ግን ሆድና ጀርባ ሆነናል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ትናንት ቅዳሜ ነበር፣ ሱቁ ሞልቷል። ምሳ ላደርስ ገባሁ። ታክሲ ነጂው ወንበሩ ላይ ነው። "ምነው፣ ሥራ አስኪያጇ ጠፋች? ያንን ደብዳቤ እንኳ ሳትጨርስልን" አለ። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። አባዬ መቁረጡን አላቆመም። ፊቱን በመስታወቱ ውስጥ አያለሁ፤ ጠቆረ፣ ቀላ፣ እንደገና ጠቆረ። ከዚያ ቶንዶሱን አጠፋና ወደ እኔ ዞረ።

"ያዝሽው?" አለኝ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ዓይኔን እያየ የተናገረኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

መምህሩ ከመለሰልኝ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ሰጠሁት። ሬዲዮኑን ዘጋ። ከሰላምታው ጀምሮ፣ አንድ ቃል ሳይዘል፣ ጮክ ብሎ አነበበ። ያቆመባት ቦታ ሲደርስ ያቺን መስመር ሁለት ጊዜ አነበባት። ሹመቱ ያንተ ነው የሚለውንም አልዘለለም። እስከ ፊርማሽ ድረስ ሄደ፣ ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። ታክሲ ነጂው ነው እንደምንም የተናገረው።

"ታዲያ ሥራ አስኪያጇስ?"

"እሷን የሾምኳት እኔ ነበርኩ" አለ አባዬ። "ዛሬ ሽሬያታለሁ። እህቴ የጽዳት ሠራተኛ ናት። ሌላ ጥያቄ ያለው አለ?"

አባዬ ቶንዶሱን አነሳ፣ የሰውዬውን ጭንቅላት ቀና አደረገና ከተወበት ቀጠለ።

የወንድምሽ ልጅ ሚጡ